ፋይበሩ በደጅ ያልፋል፣ ቤት ግን አይገባም፦ የገጠር ብሮድባንድ ነገር ሲብራራ



ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ ገጠር ያሉ ቤተሰቦቹን ሊጠይቅ ሄዶ ነበር። ታናሽ እህቱ 12ኛ ክፍል ልትገባ ነው። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ከቴሌግራም ለማውረድ በየማታው ከቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ትወጣለች። ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ስልኳን ከፍ አድርጋ ትቆማለች፣ ዝናቡ ሲመጣ በነጠላዋ ሸፍና እየሮጠች ትወርዳለች። አንድ ፒዲኤፍ ሁለት ማታ የፈጀባት ጊዜ አለ።

የሚገርመው ሌላ ነው። ከቤቱ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ከሥሩ ፋይበር መቀበሩን የሚያሳይ አጭር የሲሚንቶ ምልክት ቆሟል። ከዓለም ፈጣኑ የመገናኛ መስመር በሰፈሩ በኩል ያልፋል ማለት ነው። ግን እያለፈ ነው እንጂ አይቆምም።

ይሄ ታሪክ ለእኛ አዲስ አይደለም። ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ከላዩ እያለፈ በኩራዝ የሚያመሽ መንደር ሁላችንም እናውቃለን። የኢንተርኔቱም ነገር እንደዚያው እንዳይሆን ነው ዛሬ ጉዳዩን ከሥሩ የምናየው። «ይሄን ያህል ኪሎ ሜትር ፋይበር ተዘረጋ»፣ «ይሄን ያህል ቀበሌ ተገናኘ» የሚል ዜና ስንሰማ ምን ማለት ነው? ምንስ ማለት አይደለም?

ብሮድባንድ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ባጭሩ ፈጣን የሆነና ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ኢንተርኔት ነው። ስንት ሲሆን ነው «ፈጣን» የሚባለው? አገር ከአገር ይለያያል። ለምሳሌ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እስከ 2024 (እ.ኤ.አ.) ድረስ 25 ሜጋቢት በሰከንድ ማውረጃ፣ 3 ሜጋቢት በሰከንድ መጫኛ ይበቃል ይል ነበር። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ መለኪያውን ወደ 100 እና 20 ከፍ አደረገው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚምታታበት ነገር አለ። ፓኬጅ የምንገዛው በሜጋባይት ነው፤ ፍጥነት የሚለካው ግን በሜጋቢት ነው። 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ 100 ሜጋባይት የሆነ ቪዲዮ በ8 ሜጋቢት ፍጥነት 100 ሰከንድ ይፈጃል። በ100 ሜጋቢት ደግሞ 8 ሰከንድ ብቻ።

ሌላው ልዩነት አከፋፈሉ ነው። የሞባይል ዳታ እንደ ውኃ በጀሪካን ነው፤ ሲያልቅ እንደገና ትገዛላችሁ። የቤት መስመር ግን እንደ ቧንቧ ነው። በወር አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ ቤተሰቡ በሙሉ በዋይፋይ ይጠቀማል።

ኢንተርኔት ቤት እስኪደርስ ሦስት ጉዞ አለው

አንደኛው ጉዞ ከውጭ ወደ አገር ቤት ነው። ኢትዮጵያ የባህር በር ስለሌላት ከባህር ሥር ገመዶች ጋር የምትገናኘው በጎረቤቶቿ በኩል፣ በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን አድርጋ ነው።

ሁለተኛው ጉዞ አገር ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ ነው። የጀርባ አጥንት የሚሉት ይሄንን ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በየመንገዱ ዳር የቀበረው ፋይበር አለ። በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ማማዎች ጫፍ ላይ ከተዘረጋው ሽቦ ውስጥም ፋይበር አለ። ከታች ስናየው ተራ ሽቦ ነው የሚመስለው፤ ውስጡ ግን እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች በብርሃን መረጃ ያመላልሳሉ።

ሦስተኛው ጉዞ ከወረዳው ከተማ እስከ ሰው ቤት ያለው ነው። በርቀት ከሁሉም አጭሩ፣ በጣጣ ግን ከሁሉም ረጅሙ ይሄ ነው። ችግሩ የቴክኖሎጂ አቅም ማነስ አይደለም። አንድ የፋይበር ክር ተከፋፍሎ 32 ወይም 64 ቤት ሊያገለግል ይችላል። ከማሠራጫው ጣቢያ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስም ይሄዳል። መሃል መንገድ ላይ ደግሞ መብራት አይፈልግም። ታዲያ ምን ያዘው?

ያዘው ቁፋሮው ነው

የፋይበር ክሩ ራሱ ያን ያህል ውድ አይደለም። ትልቁ ወጪ መሬቱን መቆፈሩ፣ ምሰሶ መትከሉ፣ ድልድይና ወንዝ መሻገሩ፣ የይዞታ ካሣ መክፈሉ ነው።

ኮንዶሚኒየም አስቡ። አንድ ገመድ ወደ አንድ ሕንፃ ሲገባ በአንድ ቁፋሮ ብዙ ቤት ይገኛል። ገጠር ውስጥ ግን አንዱ ቤት ከኮረብታው ወዲህ፣ ሌላው ከኮረብታው ወዲያ ነው። ለ40 ቤት የሚከፋፈለው ወጪ ለ3 ቤት ይከፋፈላል። ገበሬው ደግሞ ገቢው ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ነው፤ በየወሩ ክፈል ሲባል ይከብደዋል። ስለዚህ ትርፍ የሚያሰላ ኩባንያ «አያዋጣኝም» ብሎ ይተወዋል። ሒሳቡ ስለማይመጣለት ነው እንጂ ገጠሩን ጠልቶ አይደለም።

መንግሥት የሚገባው እዚህ ጋ ነው። በየአገሩ የሚደረገው ተመሳሳይ ነው፦ ወይ መንግሥት ራሱ ይዘረጋል፣ ወይ ለኩባንያ ድጎማ ይሰጣል፣ ወይ የቴሌኮም ድርጅቶች ከገቢያቸው እያዋጡ ለገጠሩ የሚውል ፈንድ ይቋቋማል።

አራት ባር ሞልቶ ለምን አይሠራም?

ይሄ ሁሌ የምትጠይቁን ጥያቄ ነው። ስልካችሁ ላይ የሚታየው ባር የሚነግራችሁ ከእናንተ እስከ ማማው ያለውን የሞገድ ጥንካሬ ብቻ ነው። ማማው ራሱ ከኋላው በምን እንደተገናኘ አይነግራችሁም። ብዙ የገጠር ማማዎች ከሌላ ማማ ጋር የሚገናኙት በአየር ሞገድ ነው። ያ መስመር ከጠበበ፣ በገበያ ቀን ሰው ሁሉ ዳታ ሲከፍት ይጨናነቃል። ባሩ ሙሉ ነው፣ ቪዲዮው ግን ይሽከረከራል። ስለዚህ ፋይበር ገጠር መግባቱ በሞባይል ለሚጠቀመውም ሰው ጉዳዩ ነው። ማማውን ከኋላው ያሰፋለታል።

ህንድ ምን ሆነች?

መንግሥት ዘረጋ ማለት ቤት ደረሰ ማለት እንዳልሆነ የህንድን ያህል የሚያሳይ የለም። ህንድ በጥቅምት 2011 (እ.ኤ.አ.) ትልቅ ዕቅድ አጸደቀች። 250 ሺህ የሚሆኑ የገጠር አስተዳደሮችን በፋይበር ማገናኘት ነበር ዓላማው። እነዚህ አስተዳደሮች ከእኛ ቀበሌ ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። ዕቅዱ መጀመሪያ በ2013 ያልቃል ተባለ። አላለቀም። ቀኑ በተደጋጋሚ ተራዘመ። በ2015 ስሙ «ባራትኔት» ተባለ።

የኋላ ኋላ ፋይበሩ ከ200 ሺህ በላይ አስተዳደሮች ደረሰ። በዓለም ላይ ከታዩት ትልልቅ የገጠር ፋይበር ሥራዎች አንዱ ነው። ግን ገመዱ የሚያልቀው አስተዳደሩ ቢሮ ላይ ነበር። ብዙ ቦታ ላይ መሣሪያው ተቆልፎበት ቀረ፣ መብራት ጠፋ፣ ገመዱ በመንገድ ሥራ ተቆረጠ፣ የሚጠግን ሰው ጠፋ። ሪፖርቱ ላይ ግን መንደሩ «ተገናኝቷል»።

በነሐሴ 2023 የህንድ ካቢኔ ዕቅዱን ከልሶ 1.39 ትሪሊዮን ሩፒ የሚጠጋ ገንዘብ ፈቀደ። የተለወጠው ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ከመንደሩ እስከ ቤቱ ያለውን ሥራ እዚያው የሚኖሩ ወጣት ነጋዴዎች እንዲይዙት ተደረገ። መስመሩን ቤት ያስገባሉ፣ ሲበላሽ ይጠግናሉ፣ ከገቢው ድርሻ ያገኛሉ። ህንድ ይሄን ለመማር ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቶባታል።

እኛ ጋርስ?

እኛም የራሳችን ትምህርት አለን። በ1990ዎቹ መጨረሻ መንግሥት ወረዳኔት የሚባል መረብ ዘርግቶ ነበር። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር ያገናኛል፤ ገመድ ያልደረሰበት ቦታ በሳተላይት ነበር የሚሠራው። በዚያው ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባላቸው። ታላላቆቻችን «ፕላዝማው መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል» ሲሉ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ሁለቱም ትልቅ ሥራ ነበሩ። ሁለቱም ግን መድረሻቸው ቢሮና ክፍል እንጂ ቤት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ሲጀምር ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን የነበረበት ዘመን አበቃ። ውድድሩ ግን በዋናነት የሞባይል ነው። ዳታሪፖርታል በ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ባወጣው ግምት የኢትዮጵያ የኢንተርኔት ተጠቃሚ 24.8 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከ100 ሰው 19 ያህሉ ማለት ነው። ከሕዝቡ ሦስት አራተኛው የሚኖረው ደግሞ ገጠር ነው።

«ገጠር ኢንተርኔት ቅንጦት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ቅንጦት የነበረበት ጊዜ አልፏል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን እየተሰጠ ነው። ክፍያው ቴሌብር ላይ ነው፣ መታወቂያው ፋይዳ ሆኗል። አገልግሎቱ ወደ ኦንላይን እየሄደ መስመሩ ከኋላ ከቀረ፣ ገጠር ያለው ሰው የሚቀረው ከፌስቡክ ብቻ አይደለም። ከመንግሥት አገልግሎትም ነው።

ሌላ መንገድ የለም?

አለ። ፋይበሩን ከመቅበር ይልቅ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ማንጠልጠል ወጪውን በጣም ይቀንሰዋል። የተበታተኑ ቤቶችን ደግሞ ከቅርቡ ማማ በአየር ሞገድ ማገናኘት ይቻላል፤ ቤቱ ላይ ትንሽ መቀበያ ይተከላል።

ሳተላይትም አለ። የድሮዎቹ ሳተላይቶች 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ መልሱ ይዘገይ ነበር። እንደ ስታርሊንክ ያሉት 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚዞሩ ፈጣን ናቸው። ኬንያ ከሐምሌ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ገብቶላታል። ግን የመሣሪያው ዋጋ ለአንድ ገበሬ ቤት ከባድ ነው። ለጤና ኬላ ወይም ለትምህርት ቤት የበለጠ ያስኬዳል።

ደቦም ይሠራል! ቀልድ አይደለም። በሰሜን እንግሊዝ ላንካሸር ውስጥ ኩባንያዎች «አያዋጣም» ያሏቸው የገጠር ነዋሪዎች በ2011 (እ.ኤ.አ.) ቢ ፎር አር ኤን የሚባል የኅብረተሰብ ማኅበር አቋቋሙ። ገበሬዎቹ ገመዱ በማሳቸው እንዲያልፍ ያለ ክፍያ ፈቀዱ። አካፋና ትራክተር ይዘው ራሳቸው ቆፈሩ። ዛሬ 1,000 ሜጋቢት የሚደርስ መስመር ቤታቸው ውስጥ አለ። ወጪው ቁፋሮው ነው ብለናል አይደል? ቁፋሮውን ጉልበትና ይሉኝታ ከሸፈኑት ሒሳቡ ይቀየራል። ደቦና ወንፈል ለምናውቅ ሰዎች ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም።

ቀጣዩን ዜና ስትሰሙ እነዚህን ጠይቁ

1. ገመዱ የሚያልቀው የት ነው? ወረዳ ነው፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው ወይስ የሰው ቤት?

2. «ተሸፈነ» ማለት ምን ማለት ነው? ሞገድ ይደርሰዋል ነው ወይስ ሰው ተመዝግቦ እየተጠቀመ ነው? ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ።

3. ወርኃዊ ክፍያው ስንት ነው? ገበሬው በምርት ወቅት አንዴ እንዲከፍል ይፈቀድለታል?

4. መብራት ሲጠፋስ? የቤት ራውተር ብዙውን ጊዜ በ12 ቮልት ነው የሚሠራው፤ በትንሽ የፀሐይ ኃይልና ባትሪ ሊሠራ ይችላል። ይሄ በዕቅዱ ውስጥ አለ?

5. ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ከዋና ከተማ ባለሙያ እስኪመጣ ነው የሚጠበቀው ወይስ እዚያው የሠለጠነ ወጣት አለ?

ለአምስቱም መልስ ካለ ዜናው እውነት ዜና ነው። መልሱ ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን የተነገረን ስለ ገመዱ ነው፣ ስለ ሰዉ አይደለም።

ያቺ ተማሪ ዘንድሮ ትፈተናለች። እኛ አዲስ አበባ ሆነን ይሄን ጽሑፍ ስንልክ ጥቂት ሰከንድ ነው የሚፈጅብን። እሷ ግን ታነበው እንደሆነ ጉብታው ላይ ቆማ ነው።

እናንተ ያላችሁበት አካባቢ ገመዱ እስከ የት ደርሷል? ንገሩን።