ቁንጮውን ቆርጦ ገበያ የወጣው ትግለኛ

በጃፓን የሱሞ ትግል ቁንጮ መቁረጥ ማለት ሥራ መልቀቅ ማለት ነው። ወግ አለው። ወዳጅና ደጋፊ ተራ በተራ በመቀስ ይነካካዋል፣ የመጨረሻውን የሚቆርጠው ደግሞ አሠልጣኝ አለቃው ነው። ሪኪዶዛን ግን በ1950 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወጉን ሳይጠብቅ በገዛ እጁ ቆርጦ እንደወጣ ይነገራል። ከላይ ሲቆጠር ሦስተኛ የሆነውን የሴኪዋኬ ማዕረግ የያዘ ሰው ነበር። ለመውጣቱ ሕመምና ከአለቃው ጋር የተፈጠረ የገንዘብ ክርክር በምክንያትነት ይጠቀሳሉ።

ለጊዜው እንጀራውን ያገኘው ከአንድ የግንባታ ድርጅት ነው። በ1951 አሜሪካውያን የሬስሊንግ ትግለኞች ወደ ጃፓን ሲመጡ ከእነሱ ጋር ተሞከረ። በ1952 ሃዋይ ሄዶ ሙያውን ተማረ፤ የአሜሪካንን የትግል ንግድ ከውስጥ አየ። በ1953 ተመልሶ የጃፓን ፕሮ ሬስሊንግ ማኅበርን አቋቋመ።

ገበያው የመጣለት ከሌላ አቅጣጫ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ኒፖን ቴሌቪዥን የተባለው የግል ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ገቢው ከማስታወቂያ ነው፤ ችግሩ ተመልካች አለመኖሩ ነበር። የሻርፕ ኩባንያ የመጀመሪያው ቴሌቪዥን 175 ሺህ የን ይሸጥ ስለነበር ደመወዝተኛው የሚደፍረው ዕቃ አልነበረም። የጣቢያው ባለቤት ማትሱታሮ ሾሪኪ መላ መታ። ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚከፍለው ለሚያየው ዓይን እስከሆነ ድረስ፣ ቴሌቪዥኑን በየአደባባዩና በየባቡር ጣቢያው ደጃፍ አቆመው።

የካቲት 1954 ሪኪዶዛንና የጁዶው ማሳሂኮ ኪሙራ ከሰሜን አሜሪካ የመጡትን ግዙፎቹን የሻርፕ ወንድማማቾች ቶኪዮ ላይ ገጠሙ። (ወንድማማቾቹ ከቴሌቪዥኑ ኩባንያ ጋር ዝምድና የላቸውም።) በሺምባሺ አደባባይ ብዙ ሺህ ሕዝብ ቆሞ አየ። በጦርነት የተሸነፈ አገር፣ ነጩን ግዙፍ በእጁ ጠርዝ እየመታ የሚጥል ጃፓናዊ አገኘ። በሬስሊንግ ውጤት አስቀድሞ የሚመከርበት ነገር ነው። ተመልካቹ ግን የከፈለበትን ስሜት ሳያጎድል ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ጃፓናዊነቱም ቢሆን የንግድ ምልክት ነበር ማለት ይቻላል። ሪኪዶዛን የተወለደው ኮሪያ ሲሆን ስሙ ኪም ሲን ራክ ነው። በሕይወት ሳለ ይህ ለሕዝብ አልተነገረም፤ ቢነገር ዕቃው ዋጋው ይወርድ ነበር።

ትርፉ ከትግሉ ሜዳ አልፎ ሄደ። ሚትሱቢሺ ኤሌክትሪክ የዓርብ ማታውን ፕሮግራም ስፖንሰር አደረገና በግጥሚያዎቹ መካከል መድረኩን በራሱ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ አስጠረገ። ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ ማሰብ ያስቸግራል። በ1953 ከአንድ ሺህ በታች የነበረው የቴሌቪዥን ደንበኛ በ1958 አንድ ሚሊዮን፣ በ1962 ደግሞ አሥር ሚሊዮን ደረሰ። ሁሉም የትግሉ ውጤት ነው ማለት አይደለም፤ በ1959 የአልጋ ወራሹ ሠርግም ብዙ ቴሌቪዥን አሽጧል።

ከሱሞ የወጣ ሁሉ ግን አልቀናውም። አዙማፉጂ የከፍተኛው ማዕረግ የዮኮዙና ባለቤት ሆኖ ሳለ በ1955 ወደ ሬስሊንግ ቢገባም ብዙ ሳይቆይ ወጣ። የሱሞ ማዕረግ በአዲሱ ገበያ እንዳለ አልተመነዘረም።

ሪኪዶዛን ገንዘቡን ወደ ሕንፃ አዞረ። በ1961 ሺቡያ ላይ የሪኪ ስፖርት ቤተ መንግሥትን ከፈተ፣ አካሳካ ላይ የሚከራዩ አፓርታማዎች ሠራ፣ የጎልፍ ሜዳም አቀደ። ይህ ሁሉ የቆመው በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ነበር። ታኅሣሥ 8 ቀን 1963 ቶኪዮ በሚገኝ የምሽት ክበብ ውስጥ በአንድ የወሮበላ ቡድን አባል በጩቤ ተወጋ፤ በሳምንቱ በ39 ዓመቱ ሞተ። ባለቤቱ የወረሰችው ንብረቱን ከነዕዳው ነው።

ማኅበሩን ለጊዜው ያቆዩት ሁለቱ ደቀ መዛሙርቱ፣ የቀድሞው የቤዝቦል ተጫዋች ጃያንት ባባና ከብራዚል ያመጣው አንቶኒዮ ኢኖኪ ናቸው። ሁለቱም ከማኅበሩ ወጥተው በ1972 የየራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ። ኒፖን ቴሌቪዥን ባባን ተከትሎ ሄደ፣ ኢኖኪን ሌላው ጣቢያ ወሰደው። የሚያሳየው የሌለው የሪኪዶዛን ማኅበርም በ1973 ተዘጋ።