ከማጠጣትዎ በፊት አፈሩን ይጠይቁ

የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ በኮረብታዎች ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከኮረብታዎቿ አንዱ የሆነው ሙዬንጋ «ታንክ ሂል» እየተባለም ይጠራል። ወታደር አንባቢያችን ይህን ስም ሲሰማ ብረት ለበሱን ያስብ ይሆናል፤ ስሙ የተገኘው ግን በኮረብታው አናት ላይ ከተሠሩት የውሃ ማጠራቀሚያዎች ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ጋባ በተባለው ሥፍራ የተጣራው ውሃ በፓምፕ ኃይል ዳገቱን ይወጣና ከዚያ ወደየቤቱ ይወርዳል። እንግዲህ በዚያች ከተማ የግቢውን ሣር በቧንቧ የሚያጠጣ ሰው የሚያፈሰው፣ ብዙ የተደከመበትን የመጠጥ ውሃ ነው። በዚያችው ከተማ ውሃን በጀሪካን ገዝተው ወይም ከምንጭ ቀድተው የሚኖሩ ቤተሰቦችም አሉ።

ካምፓላ በዓመት ከ1200 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ የሚበረታው ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ በቀሩትም ወራት ድንገተኛ ዶፍ አይጠፋም። በዚህ የተነሣ በሰዓት ቆጣሪ ብቻ የሚሠራ የሣር ማጠጫ ይሳሳታል። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድበት ያደረውን ሣር ጧት እንደገና ያጠጣዋል፤ ሰዓት ጊዜን እንጂ ጥማትን አያውቅምና።

ይህን ጉድለት የሚያርመው መሣሪያ ቧንቧውን ከመክፈቱ በፊት ሁለት ምስክሮችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ምስክር ከላዩ ምንም በማይጋርደው ቦታ የሚሰቀል የዝናብ መለኪያ ነው። በአንዳንዶቹ መለኪያዎች ውስጥ እንደ ቡሽ ያሉ፣ ውሃ ሲነካቸው የሚያብጡ ክቦች አሉ። ዝናቡ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ክቦቹ አብጠው የኤሌክትሪኩን መሥመር ያቋርጣሉ፤ ሲደርቁ ይለቁታል። ሁለተኛው ምስክር ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ በሣሩ ሥር አካባቢ የሚቀበር የእርጥበት መለኪያ ነው። አፈሩ በቂ እርጥበት እስካለው ድረስ ቧንቧው አይከፈትም።

ሁለት ምስክር ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ የዘነበው ሁሉ ወደ መሬት ስለማይገባ ነው። በካምፓላ ተዳፋት ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ብዙው ውሃ ሳይሰርግ፣ እንደ ብዋይሴ ወዳሉት ጎርፍ ወደሚያጠቃቸው ዝቅተኛ ሠፈሮች ይወርዳል። የዝናብ መለኪያው የወረደውን ይናገራል፤ የቀረውን የሚያውቀው ግን አፈሩ ነው። ይሁን እንጂ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም ውሃ በሚቋጥር ጎድጓዳ ላይ የተቀበረ መለኪያ ስለ ግቢው ሁሉ በሐሰት ይመሰክራል።

አፈርን የመጠየቅ ዘዴ በአገራችንም እንግዳ አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ በአማራ ክልል መራዊ አጠገብ በሚገኘው የቆጋ መስኖ፣ ተመራማሪዎች መሬት ውስጥ የሚቀበር ቀላል መሣሪያ ለገበሬዎች አስተዋውቀዋል። ውሃው መሣሪያው እስከተቀበረበት ጥልቀት ሲሰርግ አመልካቹ ብቅ ይልና «ይበቃል» ይላል። ኤሌክትሪክም አያሻውም።

ባለቤታቸው ግዳጅ ላይ ሳሉ ብቻቸውን ውሃ የሚያመላልሱ እመቤቶችም ያለ መሣሪያ በዚሁ ዘዴ ሊጠቀሙ ይችላሉ። ረጅም ካቻቢቴ መሬት ውስጥ ይሰኩ፤ በቀላሉ ከገባ አፈሩ ገና አልጠማውም፤ አልገባም ካለ ደርቋል። አፉና ቂጡ እኩል የሆነ ጣሳም ሜዳ ላይ ያስቀምጡና የዘነበውን በማስመሪያ ይለኩ። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 20 ካሬ ሜትር የሆነ ሣር በቀን 4 ሚሊሜትር ያህል የሚያጣ ከሆነ፣ ለቀን የሚያስፈልገው 80 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን ነው። ስለሆነም ቀስ ብሎ ወርዶ የሰረገ 12 ሚሊሜትር ዝናብ የሦስት ቀን ድካም፣ የ12 ጀሪካን ሸክም ያስቀራል።

ያ ውሃ ለልብስ፣ ለምግብና ለልጆች ገላ ይውላል። ሣሩም ቢሆን ከጥማት እንጂ ከጥጋብ የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ ሥሩ ሁልጊዜ በውሃ የተዘፈቀ ሣር አየር አጥቶ ይበሰብሳልና፣ በመጠኑ ሲጠማ ግን ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል።