የዊንዶውስን ፈቃድ ወደ አዲስ ኮምፒዩተር ስለ ማዛወር

ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር መግዛቱን ብዙ ጊዜ አያስተውለውም። አንደኛው በእጅ የሚዳሰሰው ዕቃ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዕቃውን የሚያሠራው ዊንዶውስ የተባለው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙም ቢሆን የራሳችን ንብረት ሆኖ አይሸጥልንም፤ የምንገዛው እንድንሠራበት የሚሰጠንን ፈቃድ ብቻ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በአጎቴ ላይ የደረሰው ነገር ነው። አጎቴ በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ባቆመ ጊዜ አሮጌውን ኮምፒዩተር ሸጦ አዲስ ገዛ። ለብቻው ገዝቶት የነበረውን ፈቃድ ግን ከአሮጌው አላነሣውም፤ ቁጥሩ የተጻፈበትንም ካርድ ከባዶው ካርቶን ጋር ጥሎት ኖሯል። ስለዚህ ለወረቀትና ለቀለም ያስቀመጠውን ገንዘብ አውጥቶ ሁለተኛ ፈቃድ ለመግዛት ተገደደ። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ የፈቃዱን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። ከፋብሪካ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተጭኖ የሚመጣው «ኦ.ኢ.ኤም.» ይባላል። ይህ እንደ በሬ ቀንድ ነው፤ ከበቀለበት ተነቅሎ በሌላ በሬ ራስ ላይ አይተከልም። ኮምፒዩተሩ ሲሸጥ አብሮ ይሸጣል፤ ሲሞትም አብሮ ይሞታል። ለብቻው የሚገዛው ደግሞ «ሪቴይል» ይባላል። ይህኛው እንደ ኮርቻ ነው፤ ከአንዲቱ በቅሎ አውርደው በሌላይቱ ላይ ይጭኑታል፤ ነገር ግን አንድ ኮርቻ በአንድ ጊዜ በሁለት በቅሎ ላይ አይጫንም። መሥሪያ ቤቶች በጅምላ የሚገዙት ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ እርሱ የድርጅቱ ስለ ሆነ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሊወስደው አይችልም።

ዓይነቱን ለመለየት በአሮጌው ኮምፒዩተር የትእዛዝ መጻፊያውን መስኮት ከፍቶ «ኤስ ኤል ኤም ጂ አር» የተባሉትን የእንግሊዝኛ ፊደሎች አያይዞ መጻፍ፣ ክፍት ቦታ ትቶ ስላሽ ማድረግ፣ ቀጥሎም «ዲ ኤል አይ» ማለት ነው። በሚወጣው ጽሑፍ ውስጥ ዓይነቱ ተገልጾ ይገኛል።

ሪቴይል ከሆነ ሥራው እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ/ በካርዱ ወይም በግዢው ኢሜይል ላይ ያለውን የፈቃድ ቁጥር በደብተር መገልበጥ። ይህም አምስት አምስት እየሆነ የተከፋፈለ 25 ፊደልና አኃዝ ነው።

2ኛ/ በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ በራስ የማይክሮሶፍት አካውንት መግባት። ከሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ወዲህ ፈቃዱን ከአካውንት ጋር ማያያዝ ስለሚቻል፣ ይህ ኋላ ለማስረጃ ይረዳል።

3ኛ/ ኮምፒዩተሩ ከመሸጡ በፊት የትእዛዙን መስኮት በአስተዳዳሪ ሥልጣን ከፍቶ የቀድሞውን ትእዛዝ መጻፍ፤ በ«ዲ ኤል አይ» ፈንታ ግን «ዩ ፒ ኬ» ማለት። ቁጥሩ ከአሮጌው ይነሣል።

4ኛ/ በአዲሱ ላይ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያም «ሲስተም»፣ ከዚያም «አክቲቬሽን» ከሚለው ገብቶ ቁጥሩን መጻፍ። የ«ሆም» ቁጥር ለ«ፕሮ» እንደማያገለግል ልብ ይሏል። እንቢ ካለ በዚያው ገጽ «ትራብልሹት» የሚለውን ተጭኖ በዚያው አካውንት በመግባት፣ ሃርድዌሩ በቅርቡ መለወጡን ማመልከት ነው።

በመጨረሻም፣ አሮጌውን ኮምፒዩተር ለሚገዛው ሰው ፈቃዱ የተነሣ መሆኑን ሳይደብቁ መንገር ይገባል። አለዚያ ከአጎቴ ኪስ የወጣው ገንዘብ ከሌላው ሰው ኪስ ይወጣል። ወላጆቻችንም ኮምፒዩተር ሲገዙ ያችን ትንሽ ካርድ ከቤት ካርታና ከደረሰኝ ጋር ቢያስቀምጧት ኋላ ከመጸጸት ይድናሉ።