ከጎንደር እስከ አክሱም ጽዮን፤ የአርባ ደቂቃና የዐሥራ ሁለት ቀን ጎዳና



ኅዳር 21 ቀን የምናከብረው የኅዳር ጽዮን በዓል የጉዞ መታሰቢያም ነው። ታቦተ ጽዮን በፍልስጥኤማውያን ምድር ሰባት ወር ከቆየች በኋላ፣ ሁለት የሚያጠቡ ላሞች በሚስቡት ሠረገላ ከአቃሮን ወደ ቤትሳሚስ መሄዷን መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 6 ይተርካል። ላሞቹ ጥጆቻቸው በቤት ተዘግተውባቸው እምቧ እያሉ ተጓዙ እንጂ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አላሉም። እኛም በዚህ ዕለት ስለ አንድ ጎዳና ጥቂት ልንል ወደድን።

በሰማይ

የጎንደርና የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያዎች የሁለት ነገሥታትን ስም ይዘዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ማርያም፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ደግሞ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን ዘውድ የጫኑ ናቸው። በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለው የአየር ርቀት ወደ 230 ኪሎ ሜትር ነው። ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን በቀጥታ ቢበር፣ የመነሻውና የማረፊያው ጊዜ ተጨምሮ 40 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። በካርታ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው መሥመር ቢሰመር በዳባትና በደባርቅ አናት ላይ ያልፋል ለማለት ያስደፍራል።

በምድር

መኪና መንገዱ ግን ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከጎንደር ተነሥቶ ዳባት 75፣ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲደርስ ገና ደጋው ነው። ከደባርቅ በኋላ የሊማሊሞ ገደል ይመጣል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቀየሰው ጠመዝማዛ መንገድ ከብርዱ አፋፍ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ቆላ ያወርዳል። ቀጥሎም ተከዜ፣ ሽሬ፣ አክሱም ይከተላል። ይህን ጎዳና በእግሩ የሚከተል ምእመን በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ዐሥራ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ስለሚገባ የጉዞው እኩሌታ በጾም የሚያልፍ ነው።

እንግዲህ በአርባ ደቂቃ የደረሰው ሰው ስለቱ ያንስ ይሆን? አያንስም። ጌታችን የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ያመሰገነ ካላት ሁሉ ስለሰጠች ነው እንጂ ገንዘቡን ቆጥሮ አይደለም። እግረኛው ድካሙን ያቀርባል፤ በአውሮፕላን የመጣውም ያተረፈውን ዐሥራ አንድ ቀን ለጸሎትና ለምጽዋት ያውለው ዘንድ ይገባዋል።

በልብ

ይሁን እንጂ በኪሎ ሜትር የማይለካ ርቀትም አይተናል። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ሰማዩም ምድሩም ተዘጋ። ከተከዜ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ፣ አንዲት ጽዮንን የሚሳለሙ ወገኖች ተለያዩ፤ በዳባትና በደባርቅ አካባቢም እንደ ትግራይ ሁሉ ብዙ እናቶች ማቅ ለበሱ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ወደ አክሱም የሚደረገው በረራም በ2016 ዓ.ም. እንደገና ተጀመረ። የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ በጠጠርና በሬንጅ ይጠገናል፤ የተቀያየመ ልብ የሚጠገነው ግን በንስሐና በይቅርታ ብቻ ነው።

በዚህ በዓል ከደባርቅ ደጋ ሆኖ ወደ ሰሜን የሚመለከት ምእመን፣ ከተከዜ ማዶ ላለው ወንድሙ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይድገምለት፤ ማዶ ያለውም እንዲሁ ያድርግ። ይህ ጸሎት አርባ ደቂቃ አይፈጅም፤ ዐሥራ ሁለት ቀንም አያስኬድም።

በረከተ ጽዮን አይለየን፤ አሜን።