ልጄ መጫወቻውን ሲልስ ነው የሚውለው፤ ልጨነቅ ወይ?



ሰሞኑን አንዲት ወጣት እናት የ1 ዓመት ከ4 ወር ልጇን አዝላ፣ በእጇ አንድ ፌስታል ሙሉ መጫወቻ ይዛ መጣች። ልጁ ደህና ነው፤ ይስቃል፣ ይበላል፣ አያርፍም። ያላረፈችው እሷ ናት። «ዶክተር፣ ቲክቶክ ላይ መጫወቻ ውስጥ እርሳስ አለ ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። እሱ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው። ሁሉንም ልጣለው እንዴ?» አለችኝ። አብዛኛው ከአየር ጤናና ከ18 ማዞሪያ፣ ከመንገድ ዳር የተገዛ ነው።

ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈን አንድ በአንድ አየነው። ያየነውን ለእናንተም ላካፍላችሁ፤ ምክንያቱም ይህ ጥያቄ የብዙ ወላጅ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ፣ የትኛው እርሳስ?

ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ አይደለም። የሱ ውስጡ ግራፋይት የሚባል ነገር ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የሚያሳስተን። እኛ የምናወራው እርሳስ ከባድ ብረት ነው፤ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው። ይህ ብረት ቀለምን ደማቅ ስለሚያደርግ በተለይ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ዘይት ቀለም ውስጥ ሲገባ ኖሯል። አንዳንድ ለስላሳ ፕላስቲክና ርካሽ የብረት ጌጣጌጥ ውስጥም ይገኛል።

ለልጅ ለምን ይከፋል? ሕፃን የዋጠውን እርሳስ ከትልቅ ሰው ከ4 እስከ 5 እጥፍ አብልጦ ወደ ደሙ ያስገባል። ሰውነት ከካልሲየም ጋር ያምታታውና አጥንት ውስጥ ያከማቸዋል። ዋናው ጉዳት ግን አንጎል ላይ ነው፦ ትኩረት ይቀንሳል፣ ትምህርት ይከብዳል፣ ጠባይ ይለወጣል። የተጎዳው አይመለስም። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ምንም ምልክት አያሳይም፤ ልጁ ደህና መስሎ ነው የሚጎዳው። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት «ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም» የሚለው። ዩኒሴፍና ፒዩር ኧርዝ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከ3 ልጆች የ1ዱ ደም ውስጥ ያለው እርሳስ በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ ነው። ይህ እርምጃ የሚያስፈልገው መጠን ነው።

ታዲያ መጫወቻውን በዓይን ማወቅ ይቻላል? አይቻልም። ሽታም የለውም። «ብራንድ ነው» ማለትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ማቴል የተባለው የዓለማችን ታላቅ አምራች ራሱ ቀለማቸው ላይ እርሳስ በመገኘቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ መጫወቻዎችን ከአሜሪካ ገበያ ሰብስቧል። መቀቀልም አይረዳም፤ ጀርም ይገድላል እንጂ እርሳስ አያጠፋም።

ከፌስታሉ ምን ጣልን?

ቀለሙ የተላጠ ቢጫ መኪና፣ የሚፈረፈር አሮጌ አሻንጉሊትና ከልጅ አንገት ሐብል የወጣ ብረት ጣልን። ያልተላጡትን፣ ጠንካራዎቹን መለስንላት። ሁሉን መጣል አያስፈልግም።

እኔን ክው ያደረገኝ ግን ሌላ ነው። አንድ የሚዘፍን ትንሽ ስልክ ነበር፤ የባትሪው ክዳን ቡሎን የለውም፣ በጥፍር ይከፈታል። ውስጡ ሳንቲም የምትመስለዋ ክብ የሰዓት ባትሪ አለች። እርሳስ ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፤ ይህቺ ባትሪ ግን ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋ ታቃጥላለች። ልጅ ይሞትባታል።

ልጃችሁ ባትሪ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፦
• ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ወዲያው ሩጡ።
• እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ምግብም አትስጡ።
• ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ከሆነና መዋጥ ከቻለ፣ መንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር (ከ6 ጊዜ ሳይበልጥ) መስጠት ጉዳቱን ይቀንሳል። ማር ፍለጋ ግን አትዘግዩ። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም።

ትንንሽ ማግኔቶችም እንደዚሁ ናቸው፤ ሁለት ከተዋጡ አንጀትን መሀል አስገብተው ይሳሳቡና ይበሱታል። ለትንንሽ ነገሮች ደግሞ ቀላል መለኪያ አለ፦ በሶፍት ካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ። የፈነዳ ፊኛም ቶሎ ይሰብሰብ፤ ያንቃል።

«የቤታችሁ በር ምን ይመስላል?»

ይህን ስጠይቃት ገረማት። ተከራይ ናት። በሩም የመስኮቱ ብረትም አሮጌ ቢጫ ዘይት ቀለም ነው፤ እየተላጠ ነው። አከራይዋ ለበዓል በደረቁ አስፍቀው አስቀብተውታል። ልጁ ደግሞ የመስኮቱን ብረት ይዞ ቆሞ ይልሰዋል።

ቤተሰብ፣ ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ነው። ልጅ በብዛት እርሳስ የሚያገኘው ከተላጠ ቀለምና ከአቧራ ነው። አገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ቁጥር 429 ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ወስናለች፤ በ1 ኪሎ ደረቅ ቀለም ውስጥ 90 ሚሊግራም ማለት ነው። ጥሩ ሕግ ነው። ግን በራችን ላይ ከዚያ በፊት የተቀባውን አይፍቅልንም።

ስለዚህ፦
1. አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፈቅ፣ አይቃጠል። ግድ ከሆነ እያረጠባችሁ፣ ልጅና ነፍሰ ጡር በሌሉበት ይሁን።
2. ማስቀባት ካልቻላችሁ የተላጠውን በሰፊ ፕላስተር ሸፍኑት፣ አልጋ ወይም ሶፋ አስጠጉበት። ይህ የአከራይ ፈቃድ አይጠይቅም።
3. ወለልና መስኮት በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ፤ በደረቅ መጥረጊያ አቧራውን አታስነሱ።
4. የልጁን እጅ ከምግብና ከእንቅልፍ በፊት በሳሙና እጠቡ፤ መጫወቻውንም እጠቡ።
5. አባት ወይም እናት ጋራዥ፣ ባትሪ ጥገና፣ ቀለም ቅብ ወይም የቁራሌው ብረት ላይ የሚሠሩ ከሆነ ልጅ ከማቀፋቸው በፊት ልብስና ጫማ ይቀይሩ፣ ይታጠቡ። ከቁራሌው የተገኘ መጫወቻም ለሕፃን አይሰጥ።
6. ለሕፃን ዓይን ኩል አትኳሉ፤ አንዳንዱ ኩል ራሱ እርሳስ ነው።
7. ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ወተትና ብርቱካን አብሉ። አይረንና ካልሲየም ያነሰው ልጅ እርሳስን ይበልጥ ይመጣል። ሻይ አይረን እንዳይገባ ስለሚያግድ ለሕፃን ባይሰጥ ይመረጣል።

ሐኪም ጋ መቼ?

ልጁ አፈር ወይም የግድግዳ ቀለም የሚበላ ከሆነ፣ ደም ማነስ ካለበት፣ በተደጋጋሚ ሆዱን ካመመውና ከደረቀበት፣ ወይም ይናገር የነበረው ልጅ ወደ ኋላ ከተመለሰ አምጡት። መጠኑ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው፤ በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ምርመራ ስላልሆነ ሐኪማችሁ የት እንደሚሠራ ይነግራችኋል። ኢንተርኔት ላይ «እርሳስ ያወጣል» ተብሎ የሚሸጥ «ዲቶክስ» አትግዙ። እርሳስን የሚያወጣ መድኃኒት አለ፤ የሚሰጠው ግን መጠኑ በጣም ከፍ ሲል፣ በሐኪም ክትትል ነው። ለአብዛኛው ልጅ ሕክምናው እርሳሱ የሚመጣበትን መንገድ መዝጋት ነው።

እናትየው ስትወጣ ፌስታሉ ቀሎ ነበር። «እኔ መጫወቻውን ስጠረጥር በሩ ነው እንዴ?» አለችኝ። በማግስቱ የመስኮቱን ፎቶ ላከችልኝ፤ እስከ ልጁ ቁመት ድረስ በፕላስተር ተሸፍኗል።

ዛሬ ማታ እናንተም 10 ደቂቃ ውሰዱ። መሬት ላይ ተንበርከኩና ቤታችሁን በልጃችሁ ቁመት እዩት፦ የተላጠ ቀለም፣ የላላ የባትሪ ክዳን፣ ትንንሽ ነገር። ያገኛችሁትን ዛሬውኑ አስተካክሉ።

ትንሽ ልጅ ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።