የምስማር ሽጉጥ ለቤታችን ያስፈልገናልን?
ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች

ቤት ካለ ጥገና አለ። የልጆች መጻሕፍት መደርደሪያ ይላላል፤ የመጅሊሱ ጨርቅ ከጣውላው ይለቃል፤ የመሳቢያው ጀርባ ይወልቃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የኮርኒሱ ችፑድ ይረግባል። ለእንዲህ ያለው ጥቃቅን ሥራ ሁሉ አናጢ መጥራት ኪስ ይጎዳል። ባለሙያውም ቢሆን ለአንድ መሳቢያ ብሎ ከሩቅ ለመምጣት ላይፈቅድ ይችላል። ስለዚህ በርካታ አባወራዎችና እማወራዎች አንዳንዱን ሥራ በራሳቸው እጅ መሥራት ይመርጣሉ፤ ይህም የሚበረታታ ነው።

በገበያ ላይ ከመዶሻና ከጉጠት ጎን የምስማር ሽጉጥ መታየት ከጀመረ ቆይቷል። ቃታውን ሲስቡት ምስማሩን በአንድ ምት እስከ መጨረሻው የሚሰድ መሣሪያ ነው። ሲያዩት ያስጎመጃል። ነገር ግን በዓመት ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ ለሚሠራ ቤተሰብ የሚበጀው የትኛው ነው? ከነጭራሹስ ያስፈልገዋልን? በዚህ ጽሑፋችን ይህንኑ እንመለከታለን።

መጀመሪያ ግድግዳችንን እንይ

የምስማር ሽጉጥ በሰፊው የተለመደው የቤቱ ምሰሶ፣ ግድግዳና ወለል ከእንጨት በሚሠራባቸው እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ነው። እዚያ ያለ ሰው ዞኮሎ ወይም የበር ሊስቴሎ ለመምታት ቀጭን ምስማር ይበቃዋል፤ ከግድግዳው ልስን ጀርባ እንጨት አለና። የኛ አገር ቤት ግን በአብዛኛው ወይ በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት ነው፣ ወይም በባሕር ዛፍ ላይ የተመረገ ጭቃ ነው። ቀጭኑ የእንጨት ምስማር ብሎኬት ላይ ሲተኮስ ይታጠፋል፤ ወይም ተፈናጥሮ ይመለሳል። ጭቃው ላይ ሲተኮስ ደግሞ ልስኑን ያረግፋል እንጂ የሚይዘው ነገር አያገኝም።

ስለዚህ ሐሳባችን ግድግዳ ላይ መደርደሪያ፣ መስታወት ወይም የመጋረጃ ዘንግ መስቀል ከሆነ የሚያስፈልገን የምስማር ሽጉጥ ሳይሆን ትራፓኖ፣ ፊሸርና ቡሎን ነው። ሲሚንቶና ብረት የሚበሱ በባሩድ ጥይት የሚሠሩ መሣሪያዎች መኖራቸው እሙን ነው። እነዚህ ግን ሥልጠና የሚጠይቁ የግንባታ ባለሙያ መሣሪያዎች በመሆናቸው ወደ መኖሪያ ቤት ባይገቡ ይመረጣል።

እንግዲህ የምስማር ሽጉጥ ለኛ ቤት የሚጠቅመው እንጨትን ከእንጨት ጋር፣ ወይም ጨርቅንና ኮምፔንሳቶን ከእንጨት ጋር ለማያያዝ ነው። መደርደሪያ፣ መሳቢያ፣ የሥዕል ፍሬም፣ የመጅሊስ መቀመጫ፣ የዶሮ ቤት፣ በሞራሌ ላይ የሚመታ ኮርኒስ የመሳሰሉት ከዚህ ይመደባሉ።

ሥራው ስንት ምስማር ይበላል?

ሁለተኛው ጥያቄ የሂሳብ ነው። አምስት ጣውላ ያለው መደርደሪያ ለመሥራት አስበናል እንበል። እያንዳንዱ ጣውላ በሁለቱም ጫፍ ሦስት ሦስት ምስማር ቢመታበት 30 ይሆናል። ከኋላ የሚለበጠው ኮምፔንሳቶ ዙሪያውን 5 ሜትር ቢሆንና በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ብንመታው 33 ያህል ምስማር ይጨመራል። በድምሩ ከ65 አይበልጥም። ይህን መዶሻ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ለዚህ ብሎ ማሽን መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ነው።

አራት በአራት ሜትር የሆነ ክፍል ኮርኒስ ግን ሌላ ነው። ስድስት ያህል ችፑድ ይፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ 50 ምት ቢታሰብ 300 ይደርሳል። ያውም አንገትን ቀና አድርጎ፣ አንዱ እጅ ችፑዱን ደግፎ፣ መሰላል ላይ ተቁሞ ነው። እዚህ ላይ በአንድ እጅ የሚሠራ መሣሪያ ድካምን በእውነት ያቃልላል። በዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ከሌለን ግን መዶሻችን ይበቃናል።

ዓይነቶቹና የዋጋቸው ነገር

ከሁሉ የሚረክሰው በእጅ የሚጨመቀው ስቴፕለር ነው። ኤሌክትሪክም አየርም አይፈልግም። የመጅሊስ ጨርቅ፣ የወንፊት ሽቦና ቀጭን ፕላስቲክ ለመምታት ከዚህ የተሻለ የለም። ብዙ ቤተሰብ የሚያስፈልገው ይኸው ብቻ ነው።

ሁለተኛው በአየር ግፊት የሚሠራው ነው። መሣሪያው ራሱ ርካሽ ነው፤ የውስጥ ዕቃው ቀላል በመሆኑም ቶሎ አይበላሽም፤ ቢበላሽም ብዙውን ጊዜ ጎሚኒ መቀየር ይበቃዋል። ነገር ግን ያለ ኮምፕረሰር አይሠራም፤ የኮምፕረሰሩ ዋጋ ደግሞ የሽጉጡን ብዙ እጥፍ ነው። ለትንሽ ምስማር ከ20 እስከ 25 ሊትር የሚይዝ ኮምፕረሰር ይበቃል። የሚፈለገው ግፊት በአብዛኛው ከ5 እስከ 8 ባር ነው። ኮምፕረሰር ያለው ቤተሰብ የጎማ መንፊያና የቀለም መርጫም አገኘ ማለት ነው።

ሦስተኛው በባትሪ የሚሠራው ነው። ቱቦ አይጎትትም፤ መብራት በጠፋ ጊዜም ይሠራል። ዋጋው ግን ከአየሩ ይበልጣል፤ ክብደቱም እንዲሁ። የባትሪ ትራፓኖ ያለን ሰዎች ከዚያው ኩባንያ፣ ያንኑ ባትሪ የሚቀበለውን ሽጉጥ ያለ ባትሪ ብንገዛ ወጪው በእጅጉ ይቀንሳል።

አራተኛው በቀጥታ ከሶኬት የሚሠራው ነው። ዋጋው መጠነኛ ነው፤ ጉልበቱ ግን ደካማ በመሆኑ ለስላሳ እንጨትና ለአጭር ምስማር ብቻ ይሆናል። በጋዝ ጠርሙስ የሚሠራው አምስተኛው ዓይነት ግን ጋዙ በየጊዜው ስለሚገዛ ለአልፎ አልፎ ሥራ አይመከርም።

የምስማሩ ልክ

የሽጉጥ ምስማር ውፍረት የሚለካው በጌጅ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ምስማሩ ይቀጥናል። 23 ጌጅ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው። 18 ጌጅ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ከ15 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። 16 ጌጅ 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ 64 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከቻይና በሚመጡት ካርቶኖች ላይ «ኤፍ 30» ተብሎ ተጽፎ ብናይ 18 ጌጅ፣ ርዝመቱ 30 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

ለቤት ሥራ 18 ጌጁ ከሁሉ ይስማማል። እንጨቱን አይሰነጥቅም፤ የሚተወው ቀዳዳ ትንሽ ስለሆነም በስቱኮ በቀላሉ ይደፈናል። ነገር ግን ጭንቅላቱ እጅግ ትንሽ በመሆኑ ተንጠልጥሎ የሚኖር ክብደት አይይዝም። በእርሱ ብቻ የተመታ ኮርኒስ ሲውል ሲያድር ምስማሩን አሾልኮ ሊወርድ ይችላል። ለኮርኒስ ስቴፕል መምታት፣ በመጋጠሚያውም ላይ ሊስቴሎ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ 18 ጌጅ ምስማርንም ስቴፕልንም የሚተኩሰውን ጥምር መሣሪያ መምረጥ ብልህነት ነው። ለመደርደሪያና ለመሳቢያም ቢሆን ምስማሩ የሚያገለግለው ኮላው እስኪደርቅ ለመያዝ ነው፤ ዘለቄታ ያለው ጥንካሬ የሚገኘው ከኮላው ነው።

የእንጨቱንም ጠባይ ማወቅ ይገባል። ዋንዛና ዝግባ ምስማር ይቀበላሉ። የደረቀ ባሕር ዛፍ ግን ጠንካራ ነው፤ ቀጭኑ ምስማር መንገዱን ስቶ በጎን በኩል ሊወጣ ይችላል። ለእርሱ በትራፓኖ በስቶ በቡሎን ማሰር ይሻላል።

ከውጭ አገር ዘመድ ሲያመጣልን

ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ዕቃ በውጭ የሚኖር ወንድም ወይም እህት ሲመጣ ያስመጣል። እዚህ ላይ ሦስት ነገር እናስታውስ። አንደኛ፣ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ሲሆን የኛ 220 ነው። ከዚያ የመጣ ቻርጀር ወይም ኮምፕረሰር በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ቻርጀሩ በትንሽ ትራንስፎርመር ሊሠራ ይችላል፤ ኮምፕረሰሩ ግን ትልቅና ውድ ትራንስፎርመር ስለሚፈልግ፣ ሞተሩም ለ60 ኸርዝ የተሠራ ስለሆነ ባይመጣ ይሻላል። ከዱባይ የሚመጣው 230 ቮልትና 50 ኸርዝ በመሆኑ ሶኬቱን ብቻ መቀየር ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ሽጉጡ ራሱ ደግሞ በሚጫነው ሻንጣ ይገባል። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ክልክል ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 18 ቮልት በ5 አምፔር ሰዓት ሲባዛ 90 ዋት ሰዓት ይሆናል። ሦስተኛ፣ የጋዝ ጠርሙሱንም ሆነ የባሩድ ጥይቱን ይዞ መሳፈር ስለማይፈቀድ ዘመዳችንን ለችግር አንዳርገው።

በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ስንገዛ ቁራጭ እንጨት ይዘን እንሂድ። ባለ ሱቁ አገናኝቶ 20 ያህል ምስማር እንዲያስተኩሰን እንጠይቅ። ሁሉም እኩል ጠልቀው መግባት አለባቸው። ሳይተኮስ አየር የሚያፏጭ ከሆነ ጎሚኒው አልቋል። ምስማር ሲቀረቀር አፈሙዙ ያለ መፍቻ የሚከፈት ቢሆን ይመረጣል። ከምናለሽ ተራ ያገለገለ የምንገዛ ከሆነ ይህ ፍተሻ ይበልጥ ግድ ነው። የሚጎርሰው ምስማር በአካባቢያችን መኖሩንም ቀድመን እናረጋግጥ፤ ምስማር የሌለው ሽጉጥ ቁራጭ ብረት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ነገር እንይ። አፈሙዙ እንጨት ላይ ካልተጫነ ቃታው ቢሳብም መተኮስ የለበትም። ይህ መከላከያ የሌለውን፣ ወይም ተነቅሎ ወይም ታስሮ የምናገኘውን የቱንም ያህል ቢረክስ አንግዛ። እንዲሁም ለእያንዳንዱ ምስማር መጀመሪያ አፈሙዙን መጫን፣ ከዚያ ቃታውን መሳብ የሚጠይቀውን እንምረጥ። ቃታው እንደተሳበ አፈሙዙ በነካ ቁጥር የሚተኩሰው ፈጣን ቢሆንም የጉዳቱ ዕድል እጥፍ መሆኑ በጥናት ታውቋል።

ዋጋው ሲረክስ ምን ሆነ?

ይህን ያህል የምናስጠነቅቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ ከ2001 እስከ 2005 በዚያች አገር በየዓመቱ በአማካይ 37,000 ያህል ሰዎች በምስማር ሽጉጥ ተጎድተው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ገብተዋል። ከእነዚህም መካከል ለሥራ ሳይሆን በቤታቸው ሲሠሩ የተጎዱት በ1991 4,200 ያህል ነበሩ፤ በ2005 ግን 14,800 ያህል ደርሰዋል። በእነዚያ ዓመታት ርካሽ ሽጉጥና ኮምፕረሰር በየሱቁ በዝቶ ነበር። ዋጋው ወደ ተራው ሰው ሲወርድ ጉዳቱም አብሮ ወረደ ማለት ነው። በብዛት የሚጎዱት እጅና ጣት ናቸው።

ስለዚህ እንጨቱን የሚደግፈው እጃችን ከምስማሩ ርዝመት ይልቅ መራቅ አለበት። የዓይን መከላከያ መነጽር ሳናደርግ አንሥራ። የተቀረቀረ ምስማር ከማውጣታችን በፊት ቱቦውን እንንቀል ወይም ባትሪውን እናውጣ። ሥራው ሲያበቃ ምስማሩን ከካዝናው አውጥተን ሳጥን ውስጥ እንቆልፍበት። ለልጅ ዓይን ይህ ዕቃ መጫወቻ ይመስላልና በሚሠራበት ክፍል ሕፃን እንዳይገባ እናድርግ።

መግዛት ብቻ መፍትሔ አይደለም

እድሮቻችን ድንኳኑንና ድስቱን በጋራ ገዝተው በየተራ ይገለገሉበታል። በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ሰፈር የሚኖሩ አራትና አምስት ቤተሰቦችም አንድ ኮምፕረሰርና አንድ ሽጉጥ በጋራ ቢገዙ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ ይቀላል፤ ዕቃውም ዓመቱን ሙሉ አቧራ አይጠጣም። ማን እንደሚያስቀምጠው፣ ሲበላሽ ማን እንደሚያሠራው አስቀድሞ ቢነጋገሩ ደግሞ ጉርብትናው አይሻክርም። ከዚህም ሌላ ለአንዱ ትልቅ ሥራ፣ ለምሳሌ ለኮርኒስ፣ የራሱ መሣሪያ ያለውን አናጢ ለአንድ ቀን መቅጠር ከመግዛት ሊረክስ ይችላል።

ባጭሩ፦ ጨርቅ ብቻ ለሚመታ ቤተሰብ የእጅ ስቴፕለር፤ ግድግዳ ለሚበሳ ትራፓኖ፤ በየጊዜው በእንጨት ለሚሠራ ደግሞ ቃታው አንድ በአንድ የሚተኩስ 18 ጌጅ ጥምር ሽጉጥ፣ ኮምፕረሰሩን ከጎረቤት ጋር በመጋራት። ከዚህ ውጭ ላለው ሁሉ መዶሻችን አለልን።

በሉ እንግዲህ፣ ሥራችሁ የሰመረ፣ እጃችሁም ከጉዳት የተጠበቀ ይሁን!