የአሮጌ ጠመንጃ ማኅተም እንዴት ይነበባል

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ፣ ከአባቱ የወረሰውን ጠመንጃ ሊያስመዘግብ የሚወጣ የደጀን ባላገር፣ የብረቱ ዓይነት ምን እንደ ሆነና ቁጥሩ የትኛው እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ ከአባቱ አፍ የሰማውን ስም እንጂ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን የባዕድ ጽሕፈት የሚያነብበት ትምህርት ስላልደረሰው፣ «ምንሽር ነው» ወይም «ውጅግራ ነው» ብሎ ከመመለስ በቀር ሌላ ቃል የለውም። በዚሁ ዘመን ደግሞ ሮያል ታይገር የተባለ የአሜሪካ አስመጪ ድርጅት ከኢትዮጵያ የገዛቸውን አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት ወደ አገሩ አግብቶ ስለ ሸጠ፣ በባሕር ማዶ ያሉ ሰብሳቢዎች ያንኑ ብረት በአጉሊ መነጽር እየመረመሩ፣ እያንዳንዷን ፊደልና እያንዳንዷን ኮከብ ይተረጉማሉ። አንደኛው ስሙን አውቆ ፊደሉን አያውቅም፤ ሁለተኛው ፊደሉን አውቆ ስሙን አያውቅም። ይህ ዳሰሳ የተጻፈው ሁለቱ ዕውቀቶች አንድ ላይ ቢነበቡ ምን እንደሚገለጥ ለማሳየት ነው።

አስቀድሞ መታረም ያለበት ስሕተት፣ በብረት ላይ የሚገኝ ምልክት ሁሉ የሠሪው ስም ነው የሚለው እምነት ነው። የፋብሪካው ማኅተም አንድ ነው፤ ብረቱን የፈተነው ቤት ማኅተም ሌላ ነው፤ ዕቃውን የተረከበው መንግሥት ምልክት፣ ለምሳሌ በእንግሊዝ ጠመንጃ ላይ የሚታየው ዘውድና የቀስት ጫፍ፣ ደግሞ ሌላ ነው። በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ከተማ ያለው የፍተሻ ቤት በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ የሚያትማቸው «ኢ»፣ «ኤል»፣ «ጂ» የተባሉ ሦስት የላቲን ፊደላት፣ ብረቱ በባሩድ ተፈትኖ መጽናቱን ይመሰክራሉ እንጂ ስለ ሠሪው አንዳች አይናገሩም፤ በላያቸው ዘውድ ከታከለበት ፍተሻው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1893 ወዲህ የተደረገ ነው።

የሊዬዥን ስም ካነሣን ዘንድ ባለቅኔውን አርቱር ራምቦን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም፤ እኔም ከዚህ ጥናት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚስበው እርሱ መሆኑን አልሸሽግም። ቅኔውን ገና በወጣትነቱ ትቶ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ የመጣው ይህ ፈረንሳዊ፣ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ በማቋረጥ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ አንኮበር አደረሰ፤ በኋላም እንጦጦ ሲወጣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃውን ዋጋውን ዝቅ አድርገው ገዙት። እርሱ ራሱ ለቤተ ሰቡ እንደ ጻፈው፣ እነዚህ በካፕሱል የሚተኮሱ ጠመንጃዎች በአውሮፓ ሠራዊት ዘንድ ከተጣሉ አርባ ዓመት የሆናቸው፣ በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ ከአሮጌ መሣሪያ ነጋዴ በ7 እና በ8 ፍራንክ የሚገዙና በሸዋ በ40 ፍራንክ የሚሸጡ ነበሩ። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ብረት ላይ የሠሪውንና የዓመቱን ማኅተም ያገኘ ሰው፣ ጠመንጃው በዚያ ዓመት ወደ አገራችን ገባ ብሎ ቢጽፍ የአርባ ዓመት ስሕተት ይሠራል። የትውልድ ቀንና የመምጣት ቀን የተለያዩ መሆናቸውን ከራምቦ ሲራራ ጠመንጃዎች የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ወደ ውጅግራ ስንመለስ፣ ስሙ ራሱ «ፉዚል ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል በባላገር አንደበት ተፈጭቶ የወጣ ነው። አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰው ይህ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ፣ በአካሉ ግራ ጎን በተጠማዘዘ የእጅ ጽሕፈት ቅርጽ የሴንት ኤትዬን ወይም የሻቴልሮ ወይም የቱል የመንግሥት ፋብሪካ ስም ሲቀረጽበት፣ ከዚያው አጠገብ «ሞዴል 1874» የሚል ይነበባል። እዚህ ላይ የእኛ አገር አንባቢ በሁለት ወጥመድ ይያዛል። አንደኛ፣ 1874 አብነቱ የጸደቀበት እንጂ ያ ጠመንጃ የተሠራበት ዓመት አይደለም፤ የተሠራበት ዓመት በአፈሙዙ ብረት ላይ ለብቻው ይታተማል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር 1874 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ ጦርነት የተማረኩበት ዓመት ስለ ሆነ፣ የጎጃም ሰው ይህን ቁጥር በአያቱ ብረት ላይ ባነበበ ጊዜ አሳቡ ወደ እምባቦ ቢሄድ የሚያስገርም አይሆንም፤ ብረቱ ግን ስለዚያ ቀን የሚያውቀው ነገር የለም።

ሰናድር የተባለው የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ በመቅደላ ዘመቻ የመጣው ሠራዊት የያዘው እርሱን ነበረ፤ በጎኑ ዘውድና ዓመተ ምሕረት ስላለበት ለማንበብ አያስቸግርም። ረሚንግቶን ግን ትንሽ ሐተታ ይገባዋል፤ በኒው ዮርክ ግዛት በኢልየን ከተማ ተሠርቶ ለግብጹ ከዲቭ እስማኤል የተሸጠው ብረት የሠሪውን ስም በእንግሊዝኛ፣ የገዢውን ምልክት በዓረብኛ ፊደል ይዞ ሳለ፣ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ዐፄ ዮሐንስ የግብጽን ጦር ድል ባደረጉ ጊዜ ለሦስተኛው ጌታ ገብቷል። ይህ ሦስተኛው ጌታ በብረቱ ላይ ምንም አልጻፈም።

የኢጣልያ ጠመንጃ ከሁሉ ይልቅ ተናጋሪ ነው። የዓድዋው ቬተርሊ የፋብሪካውን ከተማ፣ ቶሪኖ ወይም ብሬሽያ ወይም ቶሬ አኑንዚያታ ብሎ፣ ከዓመቱ ጋር ያሳያል። ኋላ የመጣው ባለ 6.5 ሚሊ ሜትር ካርካኖ ደግሞ፣ በፋሽስት ዘመን ከተሠራ፣ ከአውሮፓው ዓመት ጎን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 ጀምሮ የሚቆጠር የሮማ ቁጥር ታክሎበታል፤ «1936» ከሚለው አጠገብ አሥራ አራትን በሮማ ቁጥር ያገኘ ሰው፣ አዲስ አበባ በተያዘችበት በፋሽስቱ ዓመት የተሠራ ብረት በእጁ ይዟል። በላይ ዘለቀና ሌሎች የጎጃም አርበኞች ከጠላት እየማረኩ የታጠቁት እንዲህ ያለውን ነበረና፣ ያ የትዕቢት ቁጥር በባለ ቁጥሩ ላይ የተመለሰ ምስክር ሆነ። ምንሽር የሚለው ስም ከኦስትሪያዊው መሐንዲስ ከማንሊኸር የመጣ ሲሆን፣ ስሙ ከካርካኖም ጋር የተያያዘው ጥይቱን በጥቅል የማጉረሱ ብልሃት የእርሱ በመሆኑ ነው፤ ስለዚህ በቃል ማንሊኸር የሚባለው ብረት ሲነበብ «ቴርኒ» የሚል የኢጣልያ ፋብሪካ ከተማ ስም ቢይዝ ተናጋሪውም ጽሕፈቱም አልዋሹም።

ቤልጅግ በኤርስታል የተሠራው ማውዘር ነው፤ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የታዘዘው የይሁዳ አንበሳ ስለ ታተመበት ገዢው ከሠሪው እኩል ስሙን ያስጻፈበት ብርቅ ብረት ነው። ከኮርያ ዘመቻ ወዲህ የተስፋፋው የአሜሪካው ኤም ዋን ካርባይን ግን ጥናቱን ወደ ጥቃቅን ክፍሎች ያወርደዋል፤ ከስድስት ሚሊዮን በላይ የተሠራው ይህ መሣሪያ አሥር ያህል ዋና ሠሪዎች ሲኖሩት፣ ከእነርሱም የጽሕፈት መኪና ሠሪው አንደርዉድና የሒሳብ መኪና ሠሪው አይ ቢ ኤም ይገኙበታል፤ ቃታውም፣ ማነጣጠሪያውም፣ ማቀባበያውም የየራሱን ሠሪ ፊደል ይይዛል። ስለ ክላሽ ምልክቶች የሚጻፍ ብዙ ነው፤ ለአሮጌ ብረት ወዳጅ ግን የሚያጓጓ ሆኖ አላገኘሁትም።

ከሰብሳቢዎቹ ጋር የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። እነርሱ የማቀባበያውና የአካሉ ቁጥር ያልተስማማበትን ጠመንጃ ጎዶሎ ይሉታል፤ ዋጋውንም ይቀንሱበታል። በእኛ አገር ግን ከአንድ የተማረከ ብረት ማቀባበያውን፣ ከሌላው አፈሙዙን ወስዶ ያጋጠመው፣ የተሰበረውን ሰደፍ በወይራ የተካው አንጥረኛ፣ ፋብሪካ ከሠራው ሥራ ያላነሰ ሥራ ሠርቷል። በገዳማት ባሉ ብራናዎች የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በቦታው የኋለኛው እንደሚጻፍ ሁሉ፣ መጽሐፉንም ስለ ፍቀቱ ጎዶሎ የሚለው እንደሌለ ሁሉ፣ ሁለት ቁጥር የያዘ ጠመንጃም የሁለት ጦርነት ድርሳን ነው። መዝጋቢው ስለዚህ የአካሉን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የየክፍሉን ምልክት፣ ከዚያም ጋር ባለቤቱ የሚጠራበትን ስምና ከማን እንደ ወረሰው ቢጽፍ፣ ከፖሊስ መዝገብ የሚበልጥ ዜና መዋዕል ይተወን ነበር።

ወደ አሜሪካ በገቡት ላይ ዛሬ አንድ አዲስ ጽሕፈት ታክሏል። የአገሪቱ ሕግ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1898 በኋላ ተሠርቶ በገባ መሣሪያ ላይ የአስመጪው ስም፣ ከተማውና ብረቱ የተሠራበት አገር እንዲቀረጽ ያዝዛል፤ ስለዚህ ለምሳሌ በፋሽስት ዘመን በተሠራው ካርካኖ ላይ ኢጣልያ ተብሎ ይጻፋል። ጠመንጃው ዕድሜውን የፈጸመበት አገር ስም በዚያ መስመር ውስጥ ቦታ የለውም።